ጋይገር ወይስ ሶዲየም አዮዳይድ? ለአዳማ መንገድ የቱ ይሻላል?

ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት በአዳማ በኩል ያልፋል። ከመሀሉ ጨረር ያለበት ቢኖርስ በምን እናውቃለን? ሁለቱን የጨረር መለኪያዎች እናወዳድር።

የጋይገር ቆጣሪ ርካሽ ነው፣ አያያዙም ቀላል። ጨረር ሲያገኘው ቀጭ ቀጭ ይላል። ችግሩ ምንጩን አይለይም። ፖታሽ ያለበት ማዳበሪያ በተፈጥሮው ፖታሲየም 40 የሚባል ደካማ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው። ለጋይገሩ እሱም ሆነ አደገኛው ሴሲየም 137 ያው ድምፅ ናቸው። ታዲያ ስንቱን መኪና በከንቱ እናስቁም?

የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ግን ጋማ ጨረር ሲያርፍበት ብልጭ ይላል። የብልጭታው መጠን የጨረሩን ጉልበት ይናገራል። በመሣሪያው ግራፍ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ ጫፍ ከታየ ሴሲየም ነው፤ 1460 ላይ ከሆነ ፖታሲየም። 186 አካባቢ ከሆነ የኑክሌር ነዳጅና ቦምብ የሚሠራበት ዩራኒየም 235 ሊሆን ይችላልና መኪናው ይቁም! የኑክሌር ቁስ በድብቅ እንዳይዘዋወር ለሚጠብቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክሪስታሉ እንክብካቤ ይፈልጋል። እርጥበት ያበላሸዋል፣ ከወደቀ ይሰነጠቃል። በአዳማ ሙቀት ንባቡ ስለሚንሸራተት ቶሎ ቶሎ መስተካከል አለበት።

ቢሆንም ለመኪና ፍተሻ ክሪስታሉን እመርጣለሁ። ጋይገሩ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ይሁን። በ1987 እ.ኤ.አ. በብራዚሏ ጎያኒያ፣ ከተተወ የሕክምና መሣሪያ የወጣ ሴሲየም በብረት ነጋዴ እጅ ገብቶ 4 ሰዎችን ገድሏል። አንድ ጋይገር በሩ ላይ ቢኖር ኖሮ ገና ሲገባ ይጮህ ነበር።