ጠባሴ ለሚሰራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ እጅህ ይባረክ!

ደብረ ብርሃን ላይ እንጀራ እየጋገራችሁ የምትሸጡ እህቶቼ፣ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሁለተኛ ምጣድ ከገዛሁ ወዲህ ሰላም አልነበረኝም። ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍት ብሬከሩ ይጥላል። ማታ ማታ ደግሞ አንዱን ብቻ ብከፍትም እንጀራው ዓይን አያወጣም። ያልጠራሁት ባለሙያ የለም። አንዱ ብሬከሩን በትልቅ ቀየረና «ከእንግዲህ አይጥልም» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እውነትም አልጣለም፤ ሶኬቱ ጠቆረ እንጂ! ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ልጆች የተኙበት ቤት። ሌላው የምጣዱን ሽቦ አስቀየረኝ፣ ማታ ያው ነው። ሌላው ጭራሽ «ብርድ ነው፣ ሊጥሽ አልቦካም» አለኝ። እኔን! በዚህ ብርድ ሊጥ ሳቦካ ያረጀሁትን ሴት! ስማቸውን አላነሳም፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።

ይሄ ልጅ ሲመጣ ፒንሳ እንኳ ሳያወጣ ምጣዶቹ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በስልኩ መብራት አነበበ። 8ኛ ክፍል የምትማረውን ልጄን «ደብተርሽን አምጪ» አላት። 3500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ፣ ሁለት ምጣድ 32። የድሮው ብሬከር ባለ 20 ነበር። «አየሽ፣ ብሬከሩ ሥራውን ነበር የሚሰራው» አላት። ያንን ትልቁን አውጥቶ ልኩን መለሰ፣ ለሁለተኛው ምጣድም ከነብሬከሩ ወፍራም ገመድ ለብቻው ዘረጋለት። አሁን ሁለቱም ይሰራሉ፣ ሶኬቱም አይግልም።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ግን አልረሳውም። ለማታው ጉዳይ በዚያ ቁር ተመልሶ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ራት በሚሰራበት ሰዓት መለኪያውን ሲሰካው 180 ቮልት አለ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎም የሊጡም አይደለም» አለኝ። ቮልቱ እንዲህ ሲወርድ የ3500ው ምጣድ የሚሰጠው 2300 ዋት ገደማ ነው፣ ሲሶው ሙቀት ይጎድላል። ቮልቱ ያን ያህል ሳይወርድ ሙቀቱ ለምን እንዲህ እንደሚጎድል ለልጄ አስረድቷታል፣ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ የሰማሁት ሊጡ አለመሆኑን ብቻ ነው፤ እንባዬ ነው የመጣው።

ገንዘብ ስሰጠው «ችግሩ ከመስመሩ ነው፣ ያስተካከልኩት ነገር የለም» ብሎ እምቢ አለኝ። ቡናውን እንኳ በግድ ነው የጠጣው። ሰው ሳይነሳ በሌሊት እንድጋግር መከረኝ፣ ይኸው እንጀራዬ ዓይኑ ልቅም ብሏል።

እባካችሁ እሱን ጥሩ፣ ቤታችሁን ለማንም አታስነካኩ። እድሜና ጤና ይስጠው፣ የወለደች እናቱ ትባረክ! ስልኩን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ደውሉለት፣ ቀን መሰላል ላይ ስለሚሆን አያነሳም።