ቢ-100፣ «የነርቭ» ቫይታሚን ወይስ ቢ-12 ብቻ? ሻንጣ ከመሙላታችሁ በፊት

አዲስ አበባ ልሄድ ስል ስልኬ አያርፍም። «ያቺን ትልቋን ቢ ኮምፕሌክስ እንዳትረሳ!» አክስቴ ሦስት ጠርሙስ፣ የጓደኛዬ እናት ሁለት። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ቁርጡን ልንገራችሁ፦ ያቺን ትልቋን ቢ ኮምፕሌክስ፣ ቢ-100 የሚሏትን፣ አላመጣም። ራሴ ገዝቼ ከስሬበታለሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። ድካም ሲበዛብኝ 100 ፍሬ ያለውን ቢ-100 በ14 ዶላር ገዛሁ። አጠገቡ ተራው መልቲቫይታሚን 9 ዶላር ነበር። ቢ-6ን ብቻ ብታዩ፣ የተራው እንክብል 2 ሚሊግራም፣ የኔው 100። በ5 ዶላር ጭማሪ ሃምሳ እጥፍ! እንዲህ ዓይነት ቅናሽ ማን ይተዋል? አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው እንደ ዕድሜው ከ1.3 እስከ 1.7 ሚሊግራም እንደሆነ ማን ነግሮኝ። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ በደቃቁ ከቀን ፍላጎት «5,882 በመቶ» ይላል፤ እኔ ምርቃት መስሎኝ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የእግሬን ጣቶች ጉንዳን የሚሄድባቸው ይመስል ይነዝረኝ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት አንዱ ነጠላ ጫማዬ ሳሎን ቀርቶ በአንድ ባዶ እግሬ ኩሽና ደርሻለሁ፤ ያወቅሁት ባለቤቴ ስትስቅብኝ ነው።

ታዲያ ምን አደረግሁ? «ለነርቭ» የሚል ሌላ ጠርሙስ በ32 ዶላር ጨመርኩ። ባሰብኝ።

ሐኪሜ «የምትወስደውን ሁሉ ይዘህ ና» አሉኝ። በፌስታል ይዤ ሄጄ ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩት። የ32 ዶላሩ ውስጥም 50 ሚሊግራም ቢ-6 አለ፤ ለእንቅልፍ ብዬ የምውጠው ማግኒዥየም ውስጥ ደግሞ 10። ድምሩ 160። ያመመኝን ነገር ነው ለካ መድኃኒት ብዬ በውድ ዋጋ ደግሜ የገዛሁት።

«ቢ ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ትርፉ በሽንት ይወጣል» የሚለውን ወሬ ለቢ-6 እርሱት። በ1983 የአሜሪካ ሐኪሞች በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም የወሰዱ ሰባት ሰዎች የስሜት ነርቫቸው ተጎድቶ አካሄዳቸው እንደተናጋ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ከዚህ በጣም ባነሰ መጠን ለረጅም ጊዜ የወሰዱም ተጎድተው ታይተዋል። አሜሪካ የላይኛውን ጣሪያ 100 ሚሊግራም ላይ ስትተወው፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ከ25 ወደ 12 አውርዶታል። ቢ-100 እንግዲህ እዚህ ልክ ጣሪያው ላይ ነው፤ እዚያ ስምንት እጥፍ ያልፋል።

ካቆምኩ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል እንዲያውም ባሰብኝ። ሐኪሜ አስቀድመው «ይህ የተለመደ ነው፣ አትደንግጥ» ብለውኝ ባይሆን ተመልሼ እውጠው ነበር። ከዚያ በወራት ቀስ እያለ ተሻለኝ፤ ትንንሾቹ ጣቶቼ ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ የኔ አይደሉም። ለነርቭ ምርመራው ከኪሴ 380 ዶላር ወጣ። የ14 ዶላር ዕቃ!

የምገዛላችሁ ቢ-12 ብቻውን ነው። 1,000 ማይክሮግራም፣ 100 ፍሬ፣ 7 ዶላር። ለስኳር ሜትፎርሚን ለሚወስድ፣ በዕድሜ ለገፋ፣ ከጾም ውጭም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለማይቀምስ ሰው የሚጎድለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ እጥረቱም እግር ያደነዝዛል። መጀመሪያ ግን ደም ተመርመሩ። ምንም ካልጎደላችሁ 7 ዶላሩም ይቅር።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ፣ ቢ-1፣ ቢ-6 እና ቢ-12ን ባንድ የያዙት እንክብሎች ውስጥ 200 ሚሊግራም ቢ-6 ያላቸው አሉ። ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ሲያዝዘው ጥሩ። አጎቴ ግን የአንድ ወሩን ማዘዣ ይዞ ሁለት ዓመት ገዝቶበታል። በኋላም ርካሽ አገኘሁ ብሎ በላስቲክ የታሰረ፣ በእስክሪብቶ «ለነርቭ» የተጻፈበት ፍሬ አመጣ። ስንት ሚሊግራም ነው? ሻጩም አያውቅም። በነፃ ቢሰጧችሁም አትዋጡት።

እኔም በኢንተርኔት የ14 ዶላሩን በ6 ዶላር አግኝቼ አዝዤ ነበር። ክዳኑ ሥር መታሸጊያው የለም፣ ፊደሉ የፈሰሰ ነው፤ ጣልኩት። የዩኤስፒ (የመድኃኒትና የቫይታሚን ጥራት የሚመረምር የአሜሪካ ድርጅት) ማኅተም ካለው ውስጡ ያለው ከጽሑፉ ጋር ይገጥማል፤ መጠኑ ለእናንተ ይስማማል ማለት ግን አይደለም። ቢ-6 «ፒሪዶክሲን» ተብሎም ስለሚጻፍ በሁለቱም ስም ፈልጉት፣ ከየጠርሙሱ ደምሩት። የቲቢ መድኃኒት ላይ ሆናችሁ ከአይሶናያዚድ ጋር ቢ-6 የታዘዘላችሁ ግን በኔ ወሬ እንዳታቆሙ፤ እሱ ነርቫችሁን ሊጠብቅ የተሰጠ ነው።

ባለፈው ለአክስቴ ሦስት ቢ-12 ወሰድኩላት፤ የ21 ዶላር። አንዷን ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ ገላበጠቻትና «ይቺ ምስር የምታህል? አሜሪካም ኑሮ ተወደደ ማለት ነው» አለችኝ።