እንጀራዬን ሳትነጥቀኝ ኪሎዬን ያስቀነሰችኝ ባለሙያ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሁፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ማመስገን ፈልጌ ነው፤ እግረ መንገዴንም እንደ እኔ በኪሎ ለምትቸገሩ ልጠቁማችሁ። የምትሠራው እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ስሜ በየቦታው አይለጠፍ ስላለችኝ እዚህ አልጽፈውም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ደም ግፊቴ ከፍ ከፍ ሲል ሐኪሜ "ኪሎ ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ" አለኝ። 94 ኪሎ ነበርኩ፣ ቁመቴ ደግሞ ያን የሚሸከም አይደለም። ጂም ተመዘገብኩ። የጂሙን ስም አልጠራም፣ አሰልጣኙም ክፉ ሰው አይደለም። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ካሎሪ ካሎሪ ነው ወንድሜ፣ የፈለግከውን ብላ፣ ብቻ ከምታቃጥለው አይብለጥ።" ይህን ብሎኝ ሲያበቃ ዞር ብሎ አንድ ጣሳ የፕሮቲን ዱቄት ሊሸጥልኝ ይሞክራል። ካሎሪ ሁሉ እኩል ከሆነማ ዱቄቱ ምን ቤት ነው? ቤት ስገባ ደግሞ እህቴ "የካሎሪ ወሬህን ተወው፣ እንጀራ ካላቆምክ ወፍ የለም" ትለኛለች።

ለባለሙያዋ መጀመሪያ ያቀረብኩት ጥያቄ ይኸው ነበር። ካሎሪ ሁሉ እኩል ነው ወይስ አይደለም? ሳቀች። "ጋሼ፣ ሲለካ እኩል ነው፣ ሲበላ ግን አይደለም" አለችኝ። ከዚያ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበር፣ እንዲያም ሆኖ አልቸኮለችም።

የገባኝን ያህል ላካፍላችሁ። ካሎሪ የጉልበት መለኪያ ነው። ምግብ ላይ ተጽፎ የምናየው አንድ ካሎሪ አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቅ ጉልበት ነው፤ ከሽሮም መጣ ከኬክ ለውጥ የለውም። ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ካደረገው ሥራ በመጣ ስሌት ነው። ለአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት (እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር ውስጥ በብዛት ያለው) 4፣ ለፕሮቲን 4፣ ለስብ 9። ለአልኮል ደግሞ 7 (ይህን ስሰማ የቅዳሜ ማታ ወዳጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ)። ቁጥሮቹ አማካይ ናቸው። ሆድ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚሆነው ግን ሌላ ነው።

ለምሳሌ ምግብን መፍጨት ራሱ ጉልበት ይፈጃል። 100 ካሎሪ ፕሮቲን ስትበሉ ከ20 እስከ 30 የሚሆነው ለመፍጨትና ለማዋሃድ ይሄዳል። ከካርቦሃይድሬት ከ5 እስከ 10፣ ከስብ ቢበዛ 3። ሁሉም የተበላ ነገር ደግሞ ወደ ደም አይገባም። ኦቾሎኒን ፍሬውን እንዳለ የሚቆረጥም ሰው ከስቡ የተወሰነውን ሳይፈጨው ያስወጣዋል፣ ያው ኦቾሎኒ ተፈጭቶ ቅቤ ሆኖ ሲበላ ግን አብዛኛው ይገባል። አልሞንድ ላይ በተደረገ ልኬት 28 ግራሙ በስሌቱ 170 ካሎሪ ገደማ ቢባልም ሰውነት ያገኘው 129 ብቻ ነበር።

እኔማ ይህን ስሰማ "በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ሥጋና ኦቾሎኒ" ልል ነበር። ወዲያው አስቆመችኝ። "እሱ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው፣ ትልቁ ነገር ጥጋብ ነው" አለች። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ኬቨን ሃልና ባልደረቦቹ በብሔራዊ የጤና ተቋማቸው ያደረጉትን ጥናት የነገረችኝ ያኔ ነው። 20 ሰዎችን እዚያው አስቀምጠው፣ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ አቀረቡላቸው። ገበታ ላይ የሚቀርበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ፋይበር (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ቃጫ) ተመጣጣኝ ነበር። እንደ ልባችሁ ብሉ ተባሉ። በተቀነባበረው ሳምንታት በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉና ወደ አንድ ኪሎ ጨመሩ፤ በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ አንዱ ካሎሪ ጠግቤያለሁ ያሰኛል፣ ሌላው ጨምር ጨምር ይላል።

"ታዲያ የጂሙ ሰውዬ ዋሽቶኛል?" አልኳት። አልተቀበለችኝም። የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ መምህሩ ማርክ ሃውብ በ2010 ለ10 ሳምንታት በአብዛኛው በክሬም የተሞላ ኬክና ብስኩት እየበላ፣ ግን በቀን 1,800 ካሎሪ ገደማ ላይ ቆሞ፣ 12 ኪሎ ያህል መቀነሱን ነገረችኝ። ሒሳቡ አይዋሽም ማለት ነው። "ጥያቄው ግን" አለችኝ፣ "እርስዎ እየራበዎት ስንት ሳምንት ይችላሉ?" እኔ? እስከ ማክሰኞም አልደርስ።

ከዚያ የሥራው ነገር መጣ። "ቤት ወጡን የሚሠራው ማነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ አልኳት። "እንግዲያው በሚቀጥለው አብራችሁ ኑ።" ይህችን ባለሙያ ከሌሎች የለየብኝ ይህ ነው። እኔን ብቻዬን አስቀምጣ የአመጋገብ ሰንጠረዥ ብትሰጠኝ ኖሮ ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ይቀር ነበር። ባለቤቴን "ስንት ዘይት ትጨምሪያለሽ?" ብላ አላፋጠጠቻትም፣ ቁሌቱን እንዴት እንደምትሠራ ጠየቀቻት እንጂ። ሁለቱ ስለ ሽንኩርት ሲያወሩ እኔ ተረሳሁ።

ውጤቱን ስሙ። እኛ ቤት ዘይት የሚለካው በቡና ሲኒ ነው፣ ለአምስት ሰው ሽሮ ሁለት ሲኒ። ሲኒያችን አምስት የሾርባ ማንኪያ ይይዛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። አባዙት። ሁለቱ ሲኒ 1,200፣ ለአንድ ሰው 240 ካሎሪ፣ ያውም ከዘይቱ ብቻ፣ ያውም በአንድ ማዕድ። በጾም ደግሞ ከሽሮው ጎን ምስር አለ፣ ጎመን አለ፣ ድንች በካሮት አለ፣ ሁሉም በየራሱ ዘይት። በጾም ወቅት ለምን እንደምወፍር ሲገርመኝ የኖርኩት ለካ መልሱ ድስቱ ውስጥ ነበር። አሁን ባለቤቴ ሽንኩርቱን በውሃ ታቁላላና ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ ጣል ታደርጋለች። ጣዕሙ ላይ ልጆቹ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ለመዱት።

እንጀራዬን አልነካችብኝም። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከነቅርፊቱ ሙሉው ነው የሚፈጨው፣ ፋይበሩ አብሮ አለ አለችኝ። መጠኑን ቀነስን እንጂ። ሁለት እንጀራ የነበረው አንድ ተኩል ሆነ፣ በምትኩ ክኩ፣ ምስሩና ሽምብራው በዛ፣ ምክንያቱም በጾም ፕሮቲን የምናገኘው ከዚያ ነው፣ ጥጋቡም ከዚያ ነው የሚመጣው። በቀን ሁለት የምጠጣውን ለስላሳ ግን ያለ ርኅራኄ አስወጣችው። አንዱ ጠርሙስ 30 ግራም አካባቢ ስኳር፣ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ጠጥተኸው ግን ከምሳህ አንዲት ጉርሻ አትቀንስም።

አሁን ስለ ሩጫው። ታላቁ ሩጫን እሮጣለሁ ብዬ ለልጆቼ ተናግሬ ነበር፣ በኅዳር የሚካሄደው 10 ኪሎ ሜትሩን። ሁዳዴ ላይ ጠዋት በባዶ ሆዴ ልምምድ ስጀምር እግሬ እርሳስ ይሆንብኛል። የጂሙ ሰውዬ "ጥሩ ነው፣ ስብ እያቃጠልክ ነው" ይለኛል። ባለሙያዋ ይህን ስነግራት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀስ ብለን ስንራመድ ሰውነት በብዛት ስብ ይጠቀማል። ፍጥነት ስንጨምር ግን ወደ ካርቦሃይድሬት ያዘነብላል፣ ምክንያቱም ከአንድ ሊትር ኦክስጅን ከካርቦሃይድሬት 5 ካሎሪ ገደማ ሲወጣ ከስብ 4.7 ነው፣ ስብ ደግሞ ቶሎ አይደርስም። ትንፋሽ ሲያጥር ያቺ ልዩነት ትሰማለች። ካርቦሃይድሬት የሚጠራቀመው ጡንቻና ጉበት ውስጥ ነው፣ ጡንቻ ውስጥ 400 ግራም ያህል፣ ጉበት ውስጥ 100 ገደማ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳንበላ ስናድር የጉበቱ ይመናመናል። ስብማ ሞልቶኛል፣ ግን ዳገት ላይ አይደርስልኝም።

"ጾሙ የእርስዎና የንስሐ አባትዎ ጉዳይ ነው፣ የእኔ ድርሻ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለው ነው" አለችኝ። ይህን አባባሏን በጣም ወደድኩት። ጠንከር ያለውን ልምምድ 9 ሰዓት ላይ ከፈታሁ በኋላ ወደ ማታ አዞረችው፣ ጠዋት የእግር ጉዞ ብቻ። ከመሮጤ በፊት በሶ በውሃ፣ ወይ ሙዝ። ዘይት የበዛበት ወጥ ግን ያኔ አይነካም፣ ከሆድ ቶሎ አይወርድም። በኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ላይ በተደረገ የአመጋገብ ጥናትም ከሚበሉት ካሎሪ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ከካርቦሃይድሬት መሆኑን ነገረችኝ። እንጀራ ያወፍራል ለሚሉ ሰዎች ይህን ላኩላቸው። እህቴ ደርሷታል።

ሩጫ ብቻውን ያቀጥነኛል የሚለውንም ሕልሜን በጨዋ ደንብ አፈረሰችው። አንድ ሰው ሲሮጥ በኪሎ ሜትር የሚያወጣው በየኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ገደማ ነው። 90 ኪሎ የሆነ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ 900 ካሎሪ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ገደማ ይይዛል። ከሩጫ በኋላ ከጓደኞች ጋር ኬክና ማኪያቶ ስትሉ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ይመለሳል። ሩጥ ለልብህና ለደም ግፊትህ፣ ኪሎውን ድስቱ ላይ ቀንስ፤ የምክሯ ፍሬ ነገር ይህ ነበር።

ስለ ማቅጠኛ ሻይም ጠይቄያት ነበር፣ ባለቤቴ ጎረቤት ሰጥተዋት። ብዙዎቹ ውስጥ ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለ። እሱ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፣ ካሎሪው ደግሞ ቀደም ብሎ ትንሹ አንጀት ላይ ገብቷል። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ውሃ ነው። እንጀራና ዳቦ ድንገት የሚያቆሙ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት "ሁለት ኪሎ ወረደልኝ" የሚሉትም በአብዛኛው ያው ነው፣ አንድ ግራም የተጠራቀመ ካርቦሃይድሬት ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ።

አሁን 83 ኪሎ ነኝ። ኅዳር ላይ 10 ኪሎ ሜትሩን ሳልቆም ጨረስኩ፣ ሰዓቴን አትጠይቁኝ። ደም ግፊቴም ወርዷል፣ መድኃኒቴን ግን እሷ አልነካችም። "እሱን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ" ብላ የምግብ ዝርዝሬን ለሐኪሜ እንዳሳይ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። አንድም ቀን ዱቄት፣ ሻይ ወይም ክኒን ልትሸጥልኝ አልሞከረችም። እመቤቴ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን፣ እኔም ባለቤቴም በጣም እናመሰግናለን።

ቅር ያለኝን ልናገር ከተባለ፣ ቀጠሮ ታረዝማለች፣ ስልክም አታነሳም። መልእክት ከጻፋችሁላት ግን ማታ ማታ ትመልሳለች። በወር 15 ኪሎ መቀነስ የምትፈልጉ፣ ሰርጌ ደርሷል የምትሉ፣ ለእናንተ አትሆንም፣ ራሷም አትቀበላችሁም። ክፍያዋ ለአንዱ ጣሳ ዱቄት ከተጠየቅኩት በጣም ያንሳል።

ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒትና የቅርብ ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቤት ምግብ የሚሠራውንም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት አትገኝም።