ከልጆች ጋር ወደ ሐዋሳ ሐይቅ፦ ቦርሳችሁ ውስጥ ምን ይኑር

ልጆች ይዛችሁ ሐዋሳ የምትሄዱ ከሆነ የልጅ ላይፍ ጃኬት ከምትኖሩበት አገር ገዝታችሁ ሂዱ። ሌላው ነገር እዚያው ይገኛል። ባይገኝም ቀን አያበላሽም። ላይፍ ጃኬት የሌላት ልጅ ታቅፎ ሐይቅ መሃል መቀመጥ ምን እንደሚመስል ግን ዘንድሮ ሐምሌ ላይ አይቼዋለሁ። ሌላ ወላጅ እንዲያየው አልፈልግም።

ያደግኩት ታቦር ተራራ ሥር ነው። ከሐዋሳ ከወጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ፤ አሁን ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጆቼ አንዱ ዘጠኝ፣ አንዷ አምስት ዓመታቸው ነው። ሐዋሳን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እናቴ የሐምሌ ገብርኤል ስለት ነበረባት። ቅዳሜ በዓሉን አክብረን እሑድን ለልጆቹ ሰጠናቸው። እህቴም የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ስድስት ሆንን።

ከመምጣታችን ትንሽ ቀደም ብዬ ልጆቹን ፔንሲልቬንያ ያለው ኸርሺፓርክ ወስጃቸው ነበር። የኸርሺ ቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤት ለሠራተኞቹ መዝናኛ ብሎ በ1906 እ.ኤ.አ. የከፈተው ፓርክ ነው። ለዚያ ቀን የሚያዘውን ነገር ሁሉ ስልኬ ላይ ጽፌ ነበር። ለሐዋሳም ያንኑ ዝርዝር አወጣሁና ቦርሳዬን በእሱ ሞላሁ። ግማሹ በጣም ጠቀመኝ። ግማሹ ግን እዚያ ፓርኩ ራሱ የሚያሟላው፣ እዚህ ደግሞ እኔ ማሟላት የነበረብኝ ነገር ነበር። እሱን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የጠቀመኝን ልናገር። ሰንስክሪን አንደኛ ነው። ሐምሌ ደመና ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ውሃው ደግሞ መልሶ ፊት ላይ ያንጸባርቀዋል። ውጭ የተወለዱ ልጆች ለዚህ ፀሐይ አልለመዱም። የወንዱ ልጄ አፍንጫ በሁለተኛው ቀን ተልጦ ነበር፤ ያልቀባሁት እዚያ ላይ ብቻ ነው። ኮፍያ ሲታሰር የሚይዝ ይሁን። የሐይቁ ንፋስ አንዱን ወስዶብናል።

ካልሲም ያዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጥንድ። ሐይቁ ዳር በአየር የሚነፋ መዝለያ ያለበት የልጆች መጫወቻ አለ። ጫማ አውልቀው ነው የሚገቡት። ፀሐይ የመታው ላስቲክ ባዶ እግርን ይለበልባል። መብራት ሲጠፋ መዝለያው ይተነፍሳል፤ እሱን ጄነሬተር እስኪነሳ መጠበቅ ነው። ልጆቹ ግን አልተከፉም። ከሰፈር ልጆች ጋር ሳር ላይ ሲሯሯጡ፣ ያለ ቋንቋ ሲግባቡ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔም እዚያው ሳር ላይ ነበር የምሮጠው።

ሶፍት፣ ሳኒታይዘር፣ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ። እነዚህን ሳልነግራችሁም ትይዛላችሁ። ጋቢ ግን አትርሱ። እናቴ "ጋቢዬን" ስትል "በዚህ ሙቀት?" ብያት ነበር። ኋላ ላይ ልጄን ያሞቃት እሱ ጋቢ ነው።

ምግብ በፌስታል አትያዙ። አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) ያሉት ጦጣዎች ፌስታል ያውቃሉ። ሙዙን ከልጄ እጅ መንጭቃ ስትሄድ ልጁ ለአንድ ሰዓት ያህል ከእኔ አልራቀም። ዚፕ ያለው ቦርሳ ይሁን። ጉሬዛዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ከዛፉ ላይ ሆነው ነው የሚያዩአችሁ። አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎችም ልጆቹ በጣም ወደዷቸው። ልጄ "ሽማግሌ ይመስላሉ" አለች በእንግሊዝኛ። እናቴ ሲተረጎምላት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ለምሳ ምንም መያዝ አያስፈልግም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ በዚያው ይጠበሳል። ከዳጣ ጋር በላን። ዋጋው ልክ፣ መስተንግዶው ከልብ። ለልጆቹ እሾኩን ለቅማ ያጎረሰቻቸው አስተናጋጅ ፊት አሁንም አለ በዓይኔ። ይህን የዓሣ ሽታ ለ14 ዓመት ነው የናፈቅኩት።

ገንዘብን በተመለከተ የውጭ ካርዳችሁን ሆቴል ተዉት። ዝርዝር ብር ያዙ። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሰው መሃል ቆማችሁ ስልክ ወደ ላይ ማንሳት ነው። እኔ የያዝኩት ሁሉ ባለ 200 ኖት ነበር። "መልስ የለኝም" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት።

አሁን ወደ ጀልባው ልምጣ።

ጀልባውን የተዋዋለችው እህቴ ናት። እኔ ልጆቹን ጉሬዛ እያሳየሁ ነበር። "ለጀልባው 1,800 ብር፣ ጥቁር ውሃ ድረስ ሄዳችሁ ጉማሬ አይታችሁ ትመለሳላችሁ" አላት ነጂው። ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝ ነው። ተስማሙ። ያኔ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። "ጀልባው ቤንዚን ሊቀዳ ሄዷል፣ አሁን ይመጣል" ተባልን። አምስት ሰዓት ሆነ። በጠየቅን ቁጥር መንገድ ላይ ነው ይሉናል። ሄደን ምሳ በልተን እንምጣ ስንል "ተራችሁ ያልፋል" አሉን። እህቴን ለወረፋው ትተን ዓሣውን ተራ በተራ ነው የበላነው። ጀልባው የመጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ።

ሐዋሳ ያደገ ሰው ያውቃል። ሐይቁ ጠዋት ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ይላል። ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሳበታል። እናቴ ማዕበሉን አየችና "ይቅር ልጄ፣ ሌላ ቀን በጠዋት እንመለስ" አለችኝ። እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ይህን ሁሉ ጠብቀው እንዴት ይቀርባቸዋል ብዬ። እናቴን መስማት ነበረብኝ።

ጀልባው ላይ አራት ላይፍ ጃኬት ነበር። አራቱም የአዋቂ ናቸው። የአንዱ መቆለፊያ ተሰብሯል። ለልጄ አንዱን አለበስኳት። ጃኬት ልክ መሆኑን ለማወቅ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ከአገጭና ከጆሮ ካለፈ ልጁ ውሃ ውስጥ ይሾልክበታል። ስስበው ከጭንቅላቷ በላይ ወጣ። "የልጅ የለም?" አልኩ። "ምንም አይሆንም፣ በየቀኑ ነው የምንሄደው" አለኝ ነጂው። በምኖርበት በሜሪላንድ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በትንሽ ጀልባ ሲሄድ ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለበት፤ ሕግ ነው። ኸርሺፓርክም በር ላይ የልጅ ቁመት ይለካል። በከረሜላ ስም ይመድቧቸዋል። ልጄ ላልደረሰችበት መጫወቻ ብታለቅስም አያስገቧትም። ያኔ አብዝተውታል ብዬ ነበር። ሐይቁ ላይ ሆኜ ግን የሚለካልኝ ሰው ተመኘሁ።

ከዳር ስንርቅ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያወሩ ጀመር። ነጂው ዞር ብሎ አያቸው፤ ከዚያ እኔን። ትንሽ ሄደና ሞተሩን አጠፋው።

"እህቴ፣ ዋጋው ለአንድ ሰው ነው" አለኝ።

እህቴ ደነገጠች። "ለጀልባው ብለኸኝ አይደል?" አለችው። "እሱ ለአገር ሰው ነው፤ እነዚህ እንግዳ ናቸው" አላት። ስድስት ጊዜ 1,800፣ 10,800 ብር። ልጆቹን ጨምሮ። እናቴን ጨምሮ! ዕድሜዋን በሙሉ ሐዋሳ የኖረች ሴት ናት። "ሰማንያ ዶላር እኮ አይሞላም፣ ለእናንተ ምኑ ነው?" ሲለኝ ደሜ ፈላ። እኔ ሌሊት ሌሊት እየሠራሁ፣ አረጋውያን እያገላበጥኩ ነው የምኖረው። ለዚህ ጉዞ ሦስት ዓመት አጠራቅሜያለሁ።

ሞተሩ የጠፋ ጀልባ ጎኑን ለማዕበል ይሰጣል። ያን አላውቅም ነበር። አንዱ ማዕበል ከጎን መጣና ውሃው ልጄን አለበሳት። ጮኸች። እንደ ገመድ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሐይቁ ጥልቅ ቦታው ላይ ከ20 ሜትር ያልፋል፤ እኔ ደግሞ መዋኘት አልችልም። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ ልጅቷን ጠቀለለቻትና እንዲህ አለችው፦ "ልጄ፣ በገብርኤል ይዤሃለሁ፤ ሞተሩን አስነሳና መሬት ላይ እንነጋገር። ሕፃን አለች እዚህ።" ዝም አለ። ቦርሳዬን ከፍቼ 6,000 ብር ቆጠርኩለት። ያኔ አስነሳው።

ጉማሬ አላየንም። ዳር ስንደርስ ወረፋ ለሚያስይዘው ሰው ነገርነው። "እናንተው ተነጋገሩ" ብሎን ወደሚቀጥሉት ሰዎች ሄደ። ደረሰኝ የለም፣ የተለጠፈ ዋጋ የለም። ገንዘቡ ያናድዳል፤ አልዋሽም። ዋጋ ሊለወጥ የሚችለው ግን መሬት ላይ ነው። ልጅ ታቅፌ ውሃ መሃል ሳለሁ የሚጠየቅ ዋጋ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ጃኬት ስትገዙ ለዕድሜው አትግዙ፣ ለክብደቱ ግዙ። አሜሪካ የሚሸጡት ከ30 እስከ 50 ፓውንድ ለትንሽ ልጅ፣ ከ50 እስከ 90 ፓውንድ ከፍ ላለው ብለው ይጽፉበታል። ስፖንጅ ያለበትን ምረጡ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይይዛል፤ ክብደቱ ግን ምንም ነው። ክንድ ላይ የሚነፋው መጫወቻ ላይፍ ጃኬት አይደለም። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን "ለስንት ሰው፣ ለስንት ሰዓት፣ ደርሶ መልስ" ብላችሁ ወረቀት ላይ አስጽፉ። ልጆቻችሁንም በዚያው አሳዩት።

የዋና ልብስም ያዙ፤ ግን ለሆቴል ገንዳ። ሐይቁ ዳር ሳር ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ አለ። ልጅ እግሩን ነክሮ እንዲጫወት አትፍቀዱ፤ እኔ በልጅነቴ ብነከርም።

ማክሰኞ እንደገና ሄድን። ልጄ እንቢ ብላ ነበር፤ እናቴ ናት ያባበለቻት። ውሃ እንዲህ ሆኖባት ወደ አሜሪካ እንድትመለስ አልፈለገችም። ካረፍንበት ሆቴል ሁለት የልጅ ጃኬት ለመንንና አዋሱን፤ ሦስተኛውን ከእህቴ ጎረቤት አገኘን። ከጠዋቱ አንድ ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ነበርን። ሌላ ልጅ ነው የወሰደን። ገና ሃያ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ዋጋውን ራሱ ደብተሬ ላይ ጻፈልኝ፦ 2,000 ብር፣ ለጀልባው። ጃኬቶቹን አንድ በአንድ ሳበና አየ። የልጄን ማሰሪያ አጠበቀላት። ዓሣ አጥማጆቹ ከታንኳቸው እጃቸውን አነሱልን። ጥቁር ውሃ አካባቢ ሞተሩን አጠፋ፤ አሁን ውሃው አይንቀሳቀስም። ሦስት ጉማሬዎች ብቅ አሉ። ልጄ ትንፋሿን ይዛ በጣቷ ቆጠረቻቸው።

ስንወርድ 2,200 ሰጠሁት። ትርፉ የራሱ እንዲሆን ነበር። ሁለት መቶውን መለሰልኝና "የተጻፈው ሁለት ሺህ ነው እትዬ" አለኝ። እናቴ ተከትላው ሄዳ ሁለት መቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።