ቀርከሃ ወይስ አሉሚኒየም?

የቀርከሃ ብስክሌት አዲስ ፋሽን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቷል። ከአሉሚኒየሙ ጋር ያለው ልዩነት መጀመሪያ የሚታወቀው በእጅ ነው። ኮረኮንች ላይ አሉሚኒየሙ ንዝረቱን እስከ መሪው ያደርሰዋል፤ ቀርከሃው ዋጥ ያደርገዋል።

ጣጣው መጋጠሚያው ላይ ነው። አሉሚኒየም ይበየዳል፣ አለቀ። ቀርከሃዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ግን ኢፖክሲ ሙጫ በጠጣ ቃጫ ወይም የካርቦን ክር ይጠቀለላል፤ ሲደርቅ በሞረድ ይስተካከላል። ፔዳሉና ጎማው የሚታሰሩበት ያው ብረት ነውና፣ «ሙሉ በሙሉ ቀርከሃ» የሚል ሻጭ አጋኗል።

በደንብ ያልደረቀ ቀርከሃ ቁመቱን ተከትሎ ይሰነጠቃል፤ ቫርኒሹ ከተላጠም እርጥበት ይገባዋል። ብስክሌቱን ዝናብ ላይ ለሚያሳድር ሰው አሉሚኒየሙን እመርጥለታለሁ። ለረጅም መንገድ ግን፣ ለወገቤ ስል፣ ቀርከሃውን።