ኔትዳታ ለአሮጌ ማሽን፦ ረጋ አድርጉት
ደሴ ፒያሳ ያለችው ኢንተርኔት ቤታችን ሰርቨሯ አሮጌ ናት፣ ራሟ 4 ጊጋባይት። ኔትዳታ የሚባለውን፣ የማሽንና የመስመር ጭነትን እየተከታተለ በግራፍ የሚያሳይ ፕሮግራም ጫንኩባት። ነፃ ነው፣ ግራፉም ያምራል፣ መስመሩ ሲጨናነቅ ወዲያው ይታያል። ግን እንደተጫነ ከተዋችሁት በየ1 ሰከንዱ ነው መረጃ የሚለቅመው፣ ይሄ ትልቅ ዳታ ሴንተር ላለው እንጂ ለእኛ ምን ይሠራል?

ኔትዳታ ዶት ኮንፍ የሚለውን ፋይል ክፈቱና «አፕዴት ኤቭሪ»ን (በየስንት ሰከንዱ መረጃ እንደሚለቅም የሚወስነውን) 5 ወይም 10 አድርጉት፣ ከዚያ ሪስታርት፤ ሲፒዩው ተንፈስ ይላል። የእያንዳንዱን ፕሮሰስ ፍጆታ የሚቆጥረው አፕስ ፕለጊንም በላተኛ ነው፣ ካልፈለጋችሁት ዝጉት። ዲስክ ላይ ለሚከማቸው ታሪክም ገደብ አብጁለት፣ አለበለዚያ ቦታ ይይዛል።

ጉዳቱ አንድ ነው። 2 ሰከንድ ብቻ ብቅ ብላ የምትጠፋ ጭነት በ10 ሰከንድ አማካይ ውስጥ ትሸሸጋለች። ለኢንተርኔት ቤት ግን ማን ጉዳዬ ይላታል! 5 ላይ ትቼዋለሁ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።