«100 በመቶ ጤነኛ» ተብሎ የሚሸጥ የላፕቶፕ ባትሪ፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ

ባለፈው ጥቅምት ወር አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ በ4,500 ብር የላፕቶፕ ባትሪ ገዛሁ። መብራት ሲጠፋ ሥራዬ እንዳይቋረጥ የምፈልገው ባትሪ ስለነበር የምችለውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጌ ነበር፤ ማሸጊያው ሲከፈት ቆሜ አይቻለሁ፣ ባትሪው ላፕቶፔ ላይ ተገጥሞ ሲሠራ ተመልክቻለሁ፣ ሻጩም የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት ከፍቶ አሳይቶኛል። ሪፖርቱ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው አቅም 56,160 ሚሊዋት ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ)፣ አሁን ሲሞላ የሚይዘውም ልክ ያንኑ 56,160፣ የቻርጅ ዑደቱ፣ ማለትም ሞልቶ የተሠራበት ጊዜ ብዛት፣ ደግሞ 0 መሆኑን ይናገር ነበር። ይህን አይቼ ገንዘቡን ከፍዬ ወጣሁ። በማግስቱ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ሠራና ስክሪኑ ላይ ገና 61 በመቶ እንደቀረው እያሳየ በድንገት ጠፋ።

ቻርጅ አድርጌ ደግሜ ሞከርኩት፤ የጠፋው በዚያው አካባቢ ነው። ወደ ሱቁ ስመለስ «ሦስት ጊዜ ለስምንት ስምንት ሰዓት ቻርጅ ያድርጉት፣ ባትሪው ገና አልነቃም» ተባልኩ። ይህ ምክር በኒኬል ባትሪዎች ዘመን የነበረ ልማድ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ በረጅም ሰዓት ቻርጅ «የሚነቃ» ነገር የለውም፣ ምክሩ የሚጠቅመው የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ ጊዜ ለመግዛት ብቻ ነው። እኔም የመመለሻው ሦስት ቀን አለፈብኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ የማውቀው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ባትሪውን ከፍቶ አሳየኝ፤ የተማርኩትን ለእናንተ ማካፈል የምፈልገውም ያንኑ ሪፖርት እያዩ የሚገዙ ብዙ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ውስጡ ያሉት ስድስት ሴሎች፣ ኃይሉን የሚይዙት ትናንሽ ባትሪዎች ማለት ነው፣ የሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ሽፋን ያላቸው ሲሆኑ፣ ጫፋቸው ላይ ቀድሞ ተበይደው የተነቀሉበት ጠባሳ በግልጽ ይታያል። ሴሎቹ ከአሮጌ ባትሪዎች የተለቀሙ ናቸው። ዑደቱ 0 የሆነውና ጤንነቱ ሙሉ የተባለው ታዲያ የማን ነው? መልሱ ከሴሎቹ ጎን ባለችው ትንሽ ቦርድ ላይ ነው።

በዚያች ቦርድ ላይ ባለሙያዎች «ፊውል ጌጅ» የሚሉት ቺፕ አለ። ስሙ ከመኪናው የነዳጅ ጌጅ የመጣ ቢሆንም አሠራሩ ግን ፈጽሞ ይለያል፤ የመኪና ታንከር ውስጥ ከነዳጁ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ አለ፣ ባትሪ ውስጥ ግን ቀሪውን ኃይል በቀጥታ የሚነካ ምንም ነገር የለም። ቺፑ የሚያደርገው ከረንቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በተቀመጠች ከረንቱን እጅግ በጥቂቱ ብቻ በምትገታ ሬዚስተር በኩል የገባውንና የወጣውን መቁጠር፣ የሴሎቹን ቮልቴጅና ሙቀት መለካት፣ ከዚያም ይህን ሁሉ አስቀድሞ ከተጻፉለት ቁጥሮች ጋር እያነጻጸረ ግምት መስጠት ነው። መቁጠሩን በትክክል ሊቆጥር ይችላል፤ ነገር ግን «ከስንት ላይ ነው የምቀንሰው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ሰው ከጻፈለት ማስተካከያ ነው።

ማስተካከያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ለገዢ ዋና የሚሆኑት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። የመጀመሪያው የተሠራበት አቅም የሚባለው ሲሆን ይህ በምንም ልኬት የማይገኝ፣ ፋብሪካው ወይም ቦርዱን የነካው ሰው የጻፈው ቁጥር ነው። ሁለተኛው ሙሉ ሲሞላ የሚይዘው አቅም ነው፤ ይህኛው ባትሪው እየሠራ በሄደ ቁጥር ቺፑ ራሱ እየተማረ የሚያርመው ቢሆንም መነሻው አሁንም የተጻፈ ቁጥር ነው። ስክሪን ላይ «ጤንነት 100 በመቶ» ተብሎ የምናየው ደግሞ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት እንጂ ሌላ ምርመራ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱን ቦታዎች እኩል አድርጎ የጻፈ ሰው የትኛውንም አሮጌ ሴል «ሙሉ ጤነኛ» ሊያሰኘው ይችላል። የዑደት ቆጣሪውም እንዲሁ በማስታወሻው ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር በመሆኑ ወደ 0 ይመለሳል። ኪሎ ሜትሩ ወደኋላ የተመለሰ መኪና ገዝቶ የተቃጠለ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከእነዚህ በተጨማሪ ቻርጅ ሞልቷል የሚባልበትን የከረንት ወለል፣ ባትሪው ባዶ ነው የሚባልበትን ቮልቴጅ፣ እንዲሁም የሴሉን የኬሚስትሪ መለያ (ሴሉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚናገር ኮድ) የሚወስኑ ማስተካከያዎች አሉ። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ «ኢምፒዳንስ ትራክ» በሚለው ዘዴ የሚሠሩ ቺፖች የሴሉን ቮልቴጅ ወደ መቶኛ የሚተረጉሙት በዚህ መለያ በተመረጠ ሠንጠረዥ ነው፤ በመሆኑም የሌላ ዓይነት ሴል ተገጥሞ መለያው ሳይቀየር ከቀረ፣ ሴሉ ጥሩ ቢሆን እንኳ መቶኛው ይዋሻል። ይህን የምጨምረው ሁሉም የተሳሳተ ቁጥር የማጭበርበር ውጤት እንዳልሆነ ለማሳወቅ ነው። በቅንነት ሴል የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸውን በትክክል የሚሠሩት ግን አቅሙንና መለያውን ከጻፉ በኋላ ባትሪውን ሞልተው 2 ሰዓት ያህል አሳርፈው፣ ሙሉ በሙሉ አውርደው 5 ሰዓት ያህል አሳርፈው፣ እንደገና ሞልተው ቺፑ እውነተኛውን አቅም እንዲማር ሲያደርጉ ነው። የሙላቱና የማውረዱ ጊዜ ሲደመርበት ሥራው አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይወስዳል። ሴል ቀይሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ጨርሻለሁ፣ 100 በመቶ ነው» የሚል ሰው ይህን ሥራ አልሠራም።

ቺፑ በቁልፍ የተዘጋ አይደለም ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ከፋብሪካ ይወጣል፤ ነገር ግን መዝጊያው ያን ያህል አይታመንም። በ2011 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ተመራማሪው ቻርሊ ሚለር ላስ ቬጋስ በተካሄደው ብላክ ሃት የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ላይ፣ በአፕል ላፕቶፕ ባትሪዎች ውስጥ ያሉት ቺፖች የቺፑ አምራች ከሰጣቸው የመነሻ የይለፍ ቁልፍ ሳይቀየሩ እንደተሸጡ አሳይቷል። ዛሬ የጥገና ቤቶች የላፕቶፕና የስልክ ባትሪ ቦርዶችን የሚጽፉበት መሣሪያ በቀላሉ ያገኛሉ፤ በአይፎን በኩልም የጤንነት መቶኛና የዑደት ቁጥር በእነዚህ መሣሪያዎች ሲቀየር ይታያል። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ «ባትሪው 100 ነው» መባሉ ብቻውን ዋጋ ሊያስጨምርባችሁ አይገባም፤ ለሦስት ዓመት ያህል የሠራ ስልክ 100 በመቶ ካሳየ ወይ ባትሪው ተቀይሯል ወይ ቁጥሩ ተቀይሯል፣ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ቺፕ፣ አንዳንዴም ከጎኑ ያለ አጋሩ፣ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ፣ እንዳይግልና እንዳይወርድ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። አንድ ሴል አደገኛ ደረጃ ላይ መድረሱን ሲያይ ቋሚ ብልሽት ብሎ ይመዘግብና ባትሪው ዳግም እንዳይሠራ ይዘጋዋል፤ በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ሆን ብሎ ፊውዝ ያቃጥላል። አሮጌ ባትሪ «የሚያስነሱ» ሰዎች ያንን ምዝገባ ይሰርዙታል፣ የተቃጠለውንም ፊውዝ በሽቦ ያገናኙታል። ለረጅም ጊዜ ከመጠን በላይ ወርዶ የቆየ የሊቲየም ሴል ውስጥ መዳብ ሊሟሟና እንደገና ቻርጅ ሲደረግ ውስጣዊ ሾርት ሊፈጥር ይችላል፤ ዘበኛው የዘጋው ለዚህ ነው። የእኔ ባትሪ ፊውዝ በሽቦ የተገናኘ ሆኖ ስናገኘው ባለሙያው ሌሊት ቻርጅ ላይ ትቼው ተኝቼ እንደማውቅ ጠየቀኝ። ተኝቼ አውቃለሁ፤ ልጆቼ ባሉበት ክፍል ውስጥ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ አጭር ሙከራ ለምን እንዳላዳነኝም ልግለጽ። ቺፑ የሚቆጥረው በትክክል ስለሆነ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መቶኛው በሥርዓት ይወርዳል፤ ውሸቱ የሚገለጠው እውነተኛው ኃይል ሲያልቅና የሴሎቹ ቮልቴጅ ሲወድቅ ነው፣ ያን ጊዜ ላፕቶፑ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይጠብቅም። በመሆኑም እውነቱን ያወጣሁት ከዚያው ከተታለልኩበት ሪፖርት በወጣ ስሌት ነው። ባትሪው ሲጠፋ የተጠቀምኩት ከ56,160 ውስጥ 39 በመቶውን ነበር፤ ይህ 21,900 ሚሊዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ እውነተኛው አቅሙም ይኸው ነው። የገዛሁት ከግማሽ በታች የሆነ ባትሪ በሙሉ ዋጋ ነበር። ከአራት ሙሉ ዑደት በኋላ ቺፑ ራሱ እየተማረ ሄዶ ሪፖርቱ ላይ የሚታየው ሙሉ አቅም ወደ 27,400 ወረደ። የሱቁ የመመለሻ ጊዜ ለምን ሦስት ቀን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሪፖርቱን ራሳችሁ ለማውጣት ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፍታችሁ «powercfg /batteryreport» ብላችሁ ጻፉ። አዲስ ባትሪ ላይ የምታዩዋቸው ሁለቱ የአቅም ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አኃዝ እኩል ቢሆኑ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ እውነተኛ አዲስ ባትሪም መጀመሪያ ላይ እንዲህ ሊያሳይ ይችላል፤ ከብዙ ቀን አጠቃቀም በኋላ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ግን ልትጠራጠሩ ይገባል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውንም አስሉ። 18650 የሚባለው ክብ ሴል ጥሩ የሚባለው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ ባለ ስድስት ሴልና 10.8 ወይም 11.1 ቮልት ባትሪ ውስጥ ሁለት ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚገናኙ ጣሪያው 7,000 አካባቢ ነው። «9,000» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ሳትገዙ ውጡ። ሚዛን ካለ መዝኑት፤ ስድስቱ ሴሎች ብቻቸውን 260 ግራም ገደማ መሆን ስላለባቸው ከዚያ የቀለለ ባትሪ ውስጡ ጎዶሎ ነው፤ ሆኖም አሮጌ ሴል ክብደቱ ስለማይቀንስ የእኔ ዓይነቱን ማታለል ሚዛን አይዘውም።

የሚይዘው አንድ ሙሉ ፍተሻ ነው። ባትሪውን ሙሉ አድርጋችሁ ንቀሉ፣ የጀመራችሁበትን ሰዓት ጻፉ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እስኪጠፋ ሥሩበት፣ የጠፋበትንም መቶኛ አስታውሱ። 5 በመቶ አካባቢ ላይ ከጠፋ ቁጥሩና ሴሉ ይስማማሉ፤ 30 ወይም 60 ላይ ከጠፋ ቁጥሩና ሴሉ አይስማሙም። ይህ ፍተሻ ቤት ውስጥ ሰዓታት ስለሚፈልግ የመመለሻው ጊዜ ከግዢው በፊት መወሰን አለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ያለ ደረሰኝ ግን መብቱን የምትጠይቁበት ነገር በእጃችሁ አይኖርም። እኔ ያለ ደረሰኝ ገዝቼ ነበር።

ሁለተኛውን ባትሪ ስገዛ ሻጩን ደረሰኙ ላይ ይህን እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት፦ «በ14 ቀን ውስጥ ከሙሉ ቻርጅ እስኪጠፋ በሚደረግ ፍተሻ ከ45,000 ሚሊዋት ሰዓት በታች ከሰጠ ገንዘቡ ይመለሳል።» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሱቆች እምቢ አሉ፤ ሦስተኛው ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት። ያ ባትሪ በመጀመሪያው ፍተሻ 48,700 ሰጥቶ 4 በመቶ ላይ ጠፋ።